ላብ የመሰከረላት

ፀዲ ወንድሟን ያሳደገችው በጆግ ነው። ልጅ በጡት የሚያሳድግ አለ፣ በአጥሚት የሚያሳድግ አለ፣ በአለንጋ የሚያሳድግም ሞልቷል፤ እሷ ግን እጀታዋ በተሰነጠቀ ሰማያዊ የውሃ ጆግ ነው ያሳደገችው። አራጌ ከተወለደ ጀምሮ አልቦት አያውቅም። ቆቦ ዳር፣ ሰው ገና ደጁን ሳይሻገር ሸሚዙ ጀርባው ላይ በሚለጠፍበት አገር፣ የሱ ገላ እንደ ከረመ ቆዳ ደረቅ ነው። ፀሐይዋ ስትበረታ ፊቱ ይጠቁራል፣ ዓይኑ ይቦዛል፣ ካልደረሱለት ባለበት ዘፍ ይላል። መድኃኒቱ ሸሚዙን ማርጠብ ነው፤ ሲደርቅ ደግሞ እንደገና ማርጠብ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ይህ በቀን ሃያ ጊዜም ይሆናል።

እናታቸው ጥሩወርቅ ከአራጌ በፊት ሁለት ወንዶች ወልዳ ሁለቱንም ዓመት ሳይሞላቸው ቀብራለች። ወባ ነው ተባለ፣ ዓይን ነው ተባለ፣ የግራ ጡቷ ወተት አልነበረውምና እሱም ተወቀሰ። አራጌን ያተረፈው ብልሃት አልነበረም፤ በትኩሳት ሲቃጠል ከእጇ አምልጦ የከብት ማጠጫው ገንዳ ውስጥ ወደቀባት፣ ስታወጣው ቀዝቅዞ ይስቃል። ከዚያ ወዲህ ጆጉ ከእጇ አልወጣም። እሷ ስትሞት ፀዲ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ጆጉን ወረሰች። ትምህርቷን ስምንተኛ ክፍል ላይ ተወችው። ታናሿ ሕይወት ግን ቀጠለች፤ ለአንድ ጆግ ሁለት ሰው አያስፈልግም።

አራጌ አሁን ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶታል። አፉ ውስጥ ያሉት ስድስት ጥርሶች ብቻ ናቸው፣ ስድስቱም እንደ ሚስማር የሾሉ። ፀጉሩ ስስ፣ ቅንድቡ የለም። የሰፈሩ ልጆች «ደረቁ» ይሉታል፤ እሱም «የዚህ አገር ሰማይ ያልሰጠኝን ከየት ላምጣ?» ብሎ ቀድሟቸው ይስቃል። የመስኖውን ፓምፕ ይጠብቃል። ጧት ጧት የገበሬውን የውሃ ተራ ያስከብራል፣ ፀሐይዋ ስትከር ገንዳው ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ማሽላ ደርሶ ሰው ሁሉ ጥንቅሽ ሲያላምጥ እሱ ስለማይችል፣ ፀዲ አገዳውን ወቅጣ ጭማቂውን በብርጭቆ ትሰጠዋለች። እንዲህ ነበር የሚኖሩት፣ ደግሞም አልከፋቸውም።

ነገር የመጣው በፓምፑ በኩል ነው። ፓምፑ ተበላሸና ከጎብዬ ካሳው የሚባል ጠጋኝ መጣ፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ እጁን ግሪስ የማይለቀው ወጣት። ሞተሩን ፈታትቶ ተቀምጦ ሳለ ፀዲ ጆጓን ይዛ መጥታ የወንድሟን ጀርባ ስታረጥብ አያት።

«በቀን ስንት ጊዜ ነው?» አላት።

«ፀሐይዋን ጠይቃት» አለችው።

ፓምፑ ከዚያ በኋላ ያለ ምክንያት መበላሸት አበዛ። አራጌም «ይቺ ሞተር አንተን ካላየች አትነሳም» እያለ ይቀልድበታል። በዓመቱ፣ ኅዳር ላይ፣ ካሳው ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ለፀዲ ነገራት። ሃያ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ሰፈሩ ቆማ ቀርታለች ብሎ ከተዋት ቆይቷልና ደስታዋን የምታስቀምጥበት አጣች። አራጌም አብሯት እንዲሄድ ተስማሙ። ጎብዬም ውሃ አለ።

የካሳው እናት እትዬ ቆንጅት ጎብዬ አስፋልቱ ዳር ቁርስ ቤት አላቸው። የከባድ መኪና ሹፌር በዚያ መንገድ ላይ የሚፈራው ትራፊክንና እሳቸውን ነው። የልጃቸውን ምርጫ ሲሰሙ አልጮሁም። ግቢያቸው ውስጥ ተከራይታ የምትኖረውን ነርስ፣ ሲስተር መቅደስን፣ ጠሩና «ያ የቆቦው ደረቅ ልጅ ሕመሙ ምንድን ነው?» አሏት። መቅደስ ደሴ ሳለች እንደ አራጌ ያለ ልጅ አይታ ነበርና የምታውቀውን ነገረቻቸው። ሕመሙ በእናት በኩል ይመጣል። ወንዱ ላይ ሙሉ ለሙሉ ይወጣል። ሴቷ ግን ተሸክማው ጤነኛ ሆና ትኖራለች፤ አንዳንዷ ላይ ብቻ፣ ጀርባዋ አዮዲን ተቀብቶ ዱቄት ሲነሰነስበት፣ ያላበው ይጠቁርና ያላላበው ነጭ መስመር ሆኖ ይቀራል። እትዬ ቆንጅት «አንዳንዷ ላይ» የሚለውን አልሰሙትም። የሰሙት «ጀርባ» የሚለውን ነው።

«በቃ፣ እናየዋለን» አሉ።

መቅደስ እንዲህ ያለ ነገር በሐኪም ካልሆነ አይደረግም ማለት ጀመረች። እትዬ ቆንጅት የተከራየችውን ክፍል በር ዞር ብለው አዩት፣ ከዚያ እሷን አዩ። መቅደስም አዮዲኑን ገዛች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ፤ እትዬ ቆንጅት፣ ሁለት አሮጊቶችና አንገቷን የደፋች መቅደስ። አባታቸው አለሙ የመጡበትን ሲሰማ ሽንኩርቱን ልይ ብሎ ወጣ። ሽንኩርቱ የትም አልሄደም ነበር። ፀዲ እምቢ ማለት ትችል ነበር፤ ግን እምቢ ያለች እንደሆነ ካሳውን ማጣቷ ነው፣ እሺ ካለች ደግሞ ምናልባት። ለዚያ «ምናልባት» ብላ ቀሚሷን እስከ ወገቧ አወረደች፣ ደረቷን በነጠላዋ ሸፈነች፣ ከቤቱ ጀርባ ጥላ በሌለበት በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

መቅደስ አዮዲኑን በጥጥ ቀባቻት፤ ሲደርቅ ነጭ የበቆሎ ዱቄት በወንፊት ነሰነሰችባት። ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ነው። ስድስት ሰዓት ነበር። እትዬ ቆንጅት ከግራሩ ጥላ ሥር ተቀምጠው ከሰማያዊው ጆግ ውሃ ይጠጣሉ።

ላቡ መጣ። መጀመሪያ ትከሻዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ወጣ፣ ቀጥሎ ጎኗ ላይ፣ ነጠብጣቡም እየተያያዘ ሄደ። ግን ጀርባዋን አልሞላውም። ከአከርካሪዋ ግራና ቀኝ ቁልቁል የሚወርዱ ነጭ መስመሮች ቀሩ፣ ማረሻ የዘለለው መሬት ይመስሉ ነበር። እትዬ ቆንጅት ተነሥተው መጡ። ሳይጠይቁ ጣታቸውን ጀርባዋ ላይ አሳረፉና ነጩን እየተከተሉ ከትከሻዋ እስከ ወገቧ አወረዱት፤ አንዱን ጨርሰው ሌላውን ያዙ። ጆጉን ይዘው ስለቆዩ ጣታቸው ቀዝቃዛ ነበር።

«ኑ እዩ» አሏቸው አሮጊቶቹን። «ግማሿ አራጌ ነው።»

አራጌ ሠላሳ እርምጃ ርቆ ገንዳው ውስጥ ነበር። ፀዲ መስማቱን አወቀች፤ ውሃው መንቦጫረቁን ትቶ ጸጥ አለ።

«ያቺንስ?» አሉ እትዬ ቆንጅት።

ያቺ ያሏት ፎጣ ይዛ የቆመችውን ሕይወትን ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ጥርሷ ሙሉ፣ ፀጉሯ ጥቅጥቅ ያለ። እሷንም አስቀመጧት። ሩብ ሰዓት አልፈጀም፤ ጀርባዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ድስት ቂጥ ጠቆረ። እትዬ ቆንጅት ነጭ ፈልገው ፈልገው አጡ። ያኔ ሳቁ። ሲስቁ እውነትም ቆንጆ ናቸው።

«ሽማግሌው የሚመጣው ለአለሙ ልጅ ነው» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «የአለሙ ልጅ ደግሞ ሁለት ናት።»

አዮዲን በቀላሉ አይለቅም። ከሰዓት በኋላ ፀዲ ገንዳው ዳር ተቀምጣ ስትታጠብ፣ አራጌ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆጉን ከእጇ ተቀብሎ እሱ አፈሰሰላት።

«የትኛው ግማሽሽ ነው እኔ?» አላት።

«ዝም በል አራጌ።»

«ጥርስ ያለው ግማሽ ከሆነ ደስ ይለኛል ብዬ ነው።»

ሳቀች፣ ሳቋም ወደ ልቅሶ ዞረባት። እሱ ማፍሰሱን አላቋረጠም። ጀርባዋ ላይ የቀረው ቢጫ ቀለም ሳምንት ቆየ።

ማክሰኞ መቅደስ ብቻዋን መጣች። ደሴ ያለውን ሐኪም በስልክ አግኝታው ነበር፤ ያደረገችውን ስትነግረው ተቆጥቷታል። ፀዲን ከፓምፑ አጠገብ ቦዩ ዳር አገኘቻት፣ እዚያው ቆመው ነገረቻት።

«ላብ እንዲወጣ የሚያደርገው ዘረመል ለሴት ልጅ ሁለት ነው» አለች፤ «አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። ገና ማሕፀን ውስጥ ሆና የጤፍ ፍሬ ስታህል፣ እያንዳንዱ የገላዋ ቅንጣት ከሁለቱ አንዱን ያስተኛል። የትኛውን እንደሚያስተኛ ዕጣ ነው። አንዴ የተኛ እንደተኛ ይቀራል፤ ከዚያ ቅንጣት የሚራባውም ሁሉ ያንኑ እንዳስተኛ ይኖራል። ይሄን ማሳ ተመልከቺ። ሁለት ቦይ ይደርሰዋል፣ ለእያንዳንዱ መደብ ግን አንዱ ተከፍቶ ሌላው ይዘጋል። ያንቺ አንዱ መደብ በደኅናው ጠጣ፣ ሌላው በታመመው። ጀርባሽ ላይ ያየነው መስመር እሱ ነው።»

«ሕይወትስ?»

«እኔም የመጣሁት ለሷ ብዬ ነው። የታመመው የላትም ማለት አይደለም። ኖሯት፣ ዕጣው ሁሉም መደብ ላይ እሱን አስተኝቶት ሊሆን ይችላል። እሷ ገላ ላይ ቢተኛም ወደ ልጇ ሲተላለፍ ነቅቶ ነው የሚሄደው። ወንድ ልጅ ደግሞ ያለው አንድ ብቻ ነው፣ የሚያስተኛበት ሌላ የለውም። አላት አላልኩሽም፤ ላይኖራትም ይችላል። ግን የጀርባዋ መጥቆር ምንም አያረጋግጥም። ቢያንስ ይወቁት፤ ወንድ ከወለደች ከሙቀት ይጠብቁታል። ለእትዬ ቆንጅት ልነግራቸው አፌን ስከፍት ‹ዓይኔ ያየውን ልታስክጂኝ ነው?› ብለው አባረሩኝ። እኔ ወልድያ ተቀይሬያለሁ፣ ቅዳሜ እሄዳለሁ። አንቺ ለአባትሽም ለሕይወትም ንገሪያቸው።»

«እነግራቸዋለሁ» አለች ፀዲ።

ልትነግራቸውም ነበር። ይህን ለራሷ ስንት ጊዜ ምላለች፣ ውሸቷንም አይደለም። ግን በማግስቱ ሕይወት ልብስ ስታሰጣ አጠገቧ መጥታ ቆመች።

«እታለም፣ እምቢ ልበል?» አለቻት። «አንቺ እምቢ በይ ካልሽኝ እምቢ እላለሁ፣ ማርያምን።»

እውነቷን ነበር፤ እምቢ ትል ነበር። ፀዲ ቀና ብላ አየቻት። ሕይወት ሹሩባ ተሠርታለች። ገና ምንም ሳይቆረጥ፣ ረቡዕ ቀን፣ ያለ በዓል፣ ሹሩባዋን ተሠርታለች። ፀዲ ያቺን ሹሩባ ስታይ የእትዬ ቆንጅት ጣት ጀርባዋ ላይ ሲወርድ የተሰማት ብርድ ተመልሶ ተሰማት፤ ከብርዱ ቀጥሎም ጥላቻ መጣ። እህቷን ጠላቻት። በዕጣ ለጠቆረ ጀርባዋ፣ ለሞላው ጥርሷ፣ ጆግ ላልያዘ እጇ፣ ለሁሉም ጠላቻት።

«ለምን እምቢ ትያለሽ?» አለቻት። «ያንቺ ጀርባ ንጹሕ ነው።»

ሰርጉ ጥር ላይ ሆነ። ከሰርጉ በፊት ካሳው አንድ ጊዜ ፓምፑ ዘንድ መጥቶ ነበር፤ ሞተሩን ሲፈታም ሲገጥምም ቀና አላለም። ሊሄድ ሲል «እናቴን ታውቂያታለሽ» አላት። «አሁን አወቅኋት» አለችው። የሰርጉ ዕለት ከሁሉም አስበልጣ እልል ያለችው ፀዲ ናት። ሰው ምን ዓይነት ደግ ልብ ነው ብሎ ተደነቀባት፤ ሰው ጆሮውን ካመነ እንዲህ ነው።

በዓመቱ ሚያዝያ ላይ ሕይወት ወንድ ልጅ ወለደች። ስሙን ኤፍሬም አሉት። ክርስትናው በአርባ ቀኑ፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ጎብዬ ተደገሰ። አራጌ በዚያ ሙቀት መንገድ አይችልምና ቀረ፤ ፀዲ ሄደች። እትዬ ቆንጅት ልጁን እሷ እንዳታቅፍ አስቀድመው ለቤተ ዘመዱ ተናግረዋል። ሕይወት ግን በጓሮ በኩል ደብቃ አስገባቻት። ክፍሉ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፣ እንደ እቶን ይጋረፋል፤ ፀዲ ገና ስትገባ ላቧ በጎኗ ወረደ።

«እታለም፣ እስቲ ግንባሩን ዳሺልኝ» አለች ሕይወት። «ቀን ቀን ያተኩሰዋል፣ ሲመሽና ሲነፍስ ይተወዋል። እንደ አራጌ አይመስልም? ለእትዬ ስነግራቸው ‹ጀርባሽን በዓይኔ አይቻለሁ፣ አፍሽን ለክፉ አትክፈቺ› አሉኝ። አንቺ ግን ታውቂያለሽ። አንቺ ያልሽኝን አምናለሁ።»

ፀዲ ዳሰሰችው። ግንባሩ ትኩስ፣ ደረቅ ነበር፤ አንገቱ ሥር እንኳ አልረጠበም። ቅንድብ የለውም። ከዓይኑ ሥር ያለው ቆዳ ጠቆር ያለና የተጨማደደ ነው፣ እንደ ሽማግሌ። ጣቷ ዓመታት የኖረበትን ገላ ወዲያው አወቀ። ልትናገር አፏን ከፈተች። ያኔ ከደጅ የካሳው ሳቅ ተሰማ። ካሳው ሲስቅ ሰምታው አታውቅም። ዝምተኛ ነበር፤ መሳቅን የለመደው እዚህ ቤት፣ አባት ሲሆን ነው።

«ሕፃን ሁሉ እንዲህ ነው» አለች። «ላብ ቆይቶ ነው የሚመጣው።»

ሕይወት ትንፋሿን ለቀቀችና እህቷን አንገቷ ሥር ገብታ ሳመቻት።

በሚኒባሱ ወደ ቆቦ ስትመለስ ፀዲ ለራሷ ያወራችው ይህን ነበር። ሳምንት፣ ቢበዛ ሁለት ሳምንት። ትኩሳቱ ይመላለስባቸው፣ ግራ ይግባቸው። ከዚያ እትዬ ቆንጅት በእግራቸው ደጇ ይመጣሉ፤ ያን ጣታቸውን አጣጥፈው «ልጄ ሆይ፣ ወንድምሽን እንዴት አሳደግሽው?» ይሏታል። እሷም ጆጓን አንሥታ ትሄዳለች፣ ልጁንም ታድነዋለች። ሞቱን አልፈለገችም፣ ይህን ማንም ቢጠይቃት በመስቀል ፊት ትምልለታለች። የፈለገችው መለመንን ነው።

የተደወለው ሰኔ በገባ በአምስተኛው ቀን፣ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ፀዲ ገንዳው ዳር የአራጌን ሸሚዝ እያረጠበች ነበር፤ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ይዛ አነሣችው።

«ኤፍሬም እየተቃጠለ ነው» አለች ሕይወት እያለቀሰች። «ክሊኒክ ወስደነው ወባ የለበትም አሉን። እትዬ ብርድ ነው ብለው በሦስት ጋቢ ጠቅልለውታል፤ ካላበው ይለቀዋል አሉ። በሩንም መስኮቱንም ዘግተነዋል።»

ጆጉ አየር ላይ ቆመ። «ሕይወት፣ ስሚኝ» አለች ፀዲ።

ስልኩ ከሕይወት እጅ ተነጠቀ። «ማነሽ?» አሉ እትዬ ቆንጅት። «አንቺ ነሽ? ልጄን በሰላም ላስታምም፣ ተይን። አሁን ደግሞ ምን ፈለግሽ?»

ግለጡት፣ ውሃ አድርጉበት። ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለውም፤ አንድ ትንፋሽ ነው፣ ምላሷም ላይ ነበር። ግን እየለመኗት አልነበረም። ልመናውን አንድ ዓመት ከመንፈቅ ጠብቃው አሁን በዚህ ድምፅ መጣባት።

«ምንም» አለች። «እግዜር ይማረው።»

አራጌ ዞሮ አያት። «ማን ታሞ ነው?»

«የሕይወት ልጅ። ብርድ ነው አሉ።»

«በሰኔ?» አለ አራጌ።

የቀረውን ውሃ ጀርባው ላይ አፈሰሰችው። ሩብ ሰዓት እንኳ አልቻለችም፤ መልሳ ደወለች። አይነሣም። ሰባት ጊዜ ደወለች፤ ለካሳውም ደወለች፣ እሱ ሮቢት ጉድጓድ ውስጥ ፓምፕ እየጠገነ ነበርና ኔትወርክ የለውም። ልጁ አሥር ሰዓት ላይ ሞተ። ጋቢውን ሲገልጡት አንዲት ጠብታ ላብ አልነበረችበትም።

ለልቅሶው አለሙም ፀዲም አራጌም ጎብዬ ሄዱ። አራጌ በሚኒባሱ ውስጥ እርጥብ ፎጣ ተከናንቦ ነው የደረሰው። ገና ድንኳኑ ውስጥ እንደገቡ እትዬ ቆንጅት ደረታቸውን እየደቁ ተነሡ።

«ዓይኗ ነው» አሉ ፀዲን እያመለከቱ። «ክርስትናው ዕለት ተደብቃ ገብታ ዳሰሰችው። በልታብኛለች። ያጣችውን በላችብኝ።»

አራጌ ከመቀመጫው ተነሣ። በድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ተናግሮ አያውቅም፣ በጥርሱ ስለሚያፍር።

«እትዬ ቆንጅት፣ ሐዘን ነውና አልቀየምዎትም» አለ። «እህቴ ግን ሰው አትበላም። እኔ እዚህ ቆሜ የምናገረው በእሷ እጅ ነው። ልጁ በሦስት ጋቢ እንኳ አላበውም ሲሉ ሰማሁ፤ እንደ እኔ ነበር። ይህን ብታውቅ ኖሮ፣ በእግሯም ቢሆን ሮጣ ትመጣ ነበር።»

እውነቱን ነው፣ እውነቱን ነው አለ ሰው። አንድ ሽማግሌ እትዬ ቆንጅትን ክንዳቸውን ይዘው አስቀመጧቸው። ፀዲ መሬት መሬት ታያለች። ሕይወት አጠገቧ ተሳበችና ራሷን ጭኗ ላይ ጣለች።

«እሷማ ምን አጠፋች» አለች ሕይወት። «ያጽናናችኝ እሷ ብቻ ናት። እንደ አራጌ አይመስልም ወይ ብዬ አስዳስሼያታለሁ፤ ሕፃን ሁሉ እንዲህ ነው አለችኝ።»

አራጌ ገና አልተቀመጠም ነበር። ቀስ ብሎ ተቀመጠ። የፀዲን ግንባር፣ ዓይን፣ እጅ አየ፤ ያቺ እጅ አንድን ደረቅ ሕፃን ዳስሳ ልትሳሳት እንደማትችል ከሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ከሰዓት ላይ፣ ሕይወትን ትረፍ ብለው ወደ ቤት ካስገቧት በኋላ፣ መቅደስ ከወልድያ መጣች። አልቅሳ ካበቃች በኋላ በአራጌና በፀዲ መካከል ተቀምጣ ወደ ፀዲ ጆሮ ጎንበስ አለች።

«ያን ማክሰኞ ያልኩሽን ነግረሻቸው ነበር አይደል?» አለቻት።

ፀዲ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው። አራጌ ሰማ። ሌላ ማንም አልሰማም።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ አስፋልቱ ዳር መኪና ሊጠብቁ ወጡ። አለሙ ከሐዘንተኞቹ ጋር ሊሰነብት ቀርቷል። የአራጌ ሸሚዝ ደርቆ ነበር፤ ፊቱ መጥቆር ጀምሯል። ፀዲ ሰማያዊውን ጆግ ከቁርስ ቤቱ ቧንቧ ሞልታ መጣች። ልታፈስበት እጇን ስታነሣ ክንዷን ያዘው።

«መቅደስ ምን ብላሽ ነበር?» አላት።

ነገረችው። ሁሉንም ነገረችው፤ ቦዩን፣ ሹሩባውን፣ የካሳውን ሳቅ፣ ስልኩን። የነገረችው ነገሩ እንዲያልቅላት ብቻ እንጂ ይቅር ይለኛል ብላ አልነበረም፣ ግን ስትጨርስ ተስፋ እንዳደረገች አወቀች።

«ሕይወት ስትደውልልሽ ጀርባዬ ላይ ውሃ እያፈሰስሽ ነበር» አለ አራጌ።

«አዎ።»

«በዚሁ እጅ።»

«አዎ።»

አንድ ከባድ መኪና አቧራውን አንሥቶባቸው አለፈ። «ለሕይወት ልትነግራት ነው?» አለችው።

«አልነግራትም። ልጇን አጥታለች፣ እህቷንም አላሳጣትም» አለ። «ግን እዚሁ እቀራለሁ። ገና ናት፣ ደግማ ትወልዳለች። የሚወለደውን እኔ እጠብቅላታለሁ።»

«አንተንስ ማን ያረጥብሃል?»

«ጎብዬም ውሃ አለ» አለ።

«ሸሚዝህ ደርቋል አራጌ። ድንኳኑ ድረስ ስትሄድ ትወድቃለህ። እባክህ፣ ይቺን አንዲት ብቻ ላፍስልህ።»

ለመነችው። በአስፋልቱ ዳር፣ ሰው እያየ፣ ጆጉን በሁለት እጇ ይዛ ለመነችው።

«ብወድቅም ልውደቅ» አለና ዞሮ ሄደ። ድንኳኑ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ይርቃል። በጠራራው ፀሐይ ቀስ ብሎ፣ አንዴ አጥር ተደግፎ፣ አንዴ ቆሞ ትንፋሹን ሰብስቦ ሄደ። ጀርባው እስከሚገባ ድረስ ደረቅ ነበር።

ሚኒባስ መጣ፤ ረዳቱ «ቆቦ፣ ዋጃ፣ አላማጣ» እያለ በሩን ከፈተ። ፀዲ ጆጉን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች፤ መንገዱ ሲያንገጫግጭ እንዳይፈስባት በመዳፏ ከደነችው። ቆቦ ስትደርስ አንዲት ጠብታ አልጎደለችም። ውሃው ሞቆ ነበር፣ የምታፈስበት ሰው ግን አልነበራትም።